መድረኩና ደቀ መዝሙሩ
የየአካባቢው የባህል ድርጅቶችና የሀገረሰብ ጥበብ ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በአንድ ክልል ወይም በአንድ ዞን የባህል ቡድን ሲቋቋም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚገዛው ምንድን ነው? ልብስ ነው። ቀጥሎ የድምፅ ማጉያው ይመጣል፤ ከዚያም የመድረኩ መጋረጃና የቡድኑን ስም የያዘው ሰሌዳ ይከተላሉ። ይህ ወጪ ያለ ምክንያት አይወጣም። በዓል ይመጣል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ሹም ሲመጣ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ ምን እንዳለው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ማሳየት ያስፈልጋል። ጌታውና ደቀ መዝሙሩ፣ ማለት አዋቂው ሽማግሌና ከእርሱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሚማረው ልጅ፣ በዕቅዱ ላይ የሚገኙት ከመጨረሻው ተራ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይገኙም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው የመጨረሻው ተራ ነው።

የሀገረሰብ ጥበብ እንዴት እንደሚተላለፍ ለመረዳት አዝማሪውን መመልከት ይበቃል። የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ነው። ለትምህርቱ የተወሰነ ሰዓት የለውም። ልጁ በመጀመሪያ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ተሸክሞ ከሰርግ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይከተላል፤ የፈረሱን ጭራ መወጠር፣ ቆዳውን መለጎም፣ ደጋኑን ማበጀት በዐይኑ እያየ ይለምዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጣቱ ሥራ አይደለም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ያንኑ ተቀብሎ በዜማው ላይ ማስቀመጥ፣ ቤቱን ሳያፈርስ መመለስ፣ ሰሙን ለሁሉ ወርቁን ለሚገባው ማቀበል አለበት። ቸሩን ያወድሳል፣ ንፉጉን ይወጋል፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ያደርጋል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ የሚያስተምረው የሰው ፊት ነው። ልጁ አባቱ መቼ እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል ካላየ፣ ማሲንቆውን እንደ ሌላው ሁሉ ቢገዘግዝም አዝማሪ አይሆንም።

ይህ ሲነገር አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ኅብረተሰቡ አዝማሪውን እየወደደ አዝማሪነትን ይንቅ ነበር። የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪዋና የቀጥቃጩም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሙያው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተከብቦ የቆየው ባለቤቶቹ ስለወደዱት ብቻ ሳይሆን ሌላው ስላልተጠጋቸውም ጭምር ነው። ስለዚህ የዱሮው የማስተላለፊያ መንገድ ሁሉ ያማረ ነበር ብሎ ማውሳት እውነትን መሸፋፈን ይሆናል። አዝማሪ ሠርቶ የሚያድርበትን ደመወዝና በመድረክ ላይ የሚቆምበትን ክብር የሰጡት ኋላ የተቋቋሙት ድርጅቶች ናቸው፤ ይህም ውለታ ሊካድ አይችልም።

ሌላው መንገድ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። የአብነት ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ሀብት እንጂ በተለመደው አነጋገር የሀገረሰብ ጥበብ የሚባል አይደለም፤ ቢሆንም አደረጃጀቱ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ በየሙያቸው የታወቁ ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ የሚሄደው ወደ ሕንፃ ሳይሆን ወደ ሰው ነው፤ «የት ተማርህ?» ሳይሆን «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አስመስክሮ ሲወጣም የመምህሩን ስም ይዞ ይወጣል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ተማሪ የሚያበላው ማን ነው? መንደሩ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት በዘመናዊ አነጋገር የትምህርቱ ወጪ ሸፋኝ ናት። መዝገብና ማኅተም የሌለው፣ ጽሕፈት ቤትም ያልተከራየ፣ ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሥራውን ያላቋረጠ የአካባቢ የባህል ድርጅት ቢፈለግ ይኸው መንደር ነው። ገንዘቡ የሚውለው ለትርዒት ሳይሆን ለተማሪው ሆድ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ዘመናዊው ድርጅት የተነሣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጦርነት እየቀረበ ስለነበረ ዋና ዓላማው ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር፤ ማሲንቆና ክራርም ወደ መድረኩ የወጡት በዚሁ ዓላማ ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብህ አነሣሽነት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በየራሳቸው አካባቢና በየራሳቸው ወግ ይነገሩ የነበሩት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ። ቡድኑን ለብዙ ጊዜ የመራው ተስፋዬ ለማ ነበር። አዲስ ድምፅ ተፈጠረ፤ ብዙ የሀገር ዜማም ከመረሳት ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቡድኑ ሲበተን ግን ያ ድምፅ ወራሽ ደቀ መዛሙርት የሚያፈራበት ቋሚ ቦታ አልነበረውም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሆነው ለዛሬው ውይይት ይበልጥ ይቀርባል። በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየፋብሪካው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በባህል ሥራ ረገድ ከዚያ በፊት እንዲህ እስከ ታች ድረስ የወረደ መዋቅር ኖሮ አያውቅም። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ስም ዛሬም ድረስ ይጠራል። የአምባሰሏ ማሪቱ ለገሠ ለሕዝብ የታወቀችው ከላሊበላ ኪነት ተነሥታ ነው። በ1980 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ የኪነት ተቋማት የተውጣጡ ከያንያን በ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጉዞ ብዙ ሀገሮችን ሲዞሩ ያሳዩት ሥራ በየአካባቢው ተለቅሞ የተከማቸ ሀብት ነበር።

የቡድኖቹ አሠራር ሲመረመር ግን ጉድለቱ ይታያል። የኪነት ቡድን ከየገጠሩ የሚለቅመው አዋቂውን ነው፤ ዜማ የሚያውቀውን፣ እስክስታ የሚወርደውን፣ ዋሽንት የሚነፋውን። አዋቂው ወደ ከተማ ይመጣል፤ ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ መንደሩ ግን አንድ መምህር ያጣል። ቡድኑ የሌላውን ቀለብ እየወሰደ የራሱን ማሳ አይዘራም ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በመድረክ ላይ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለ። በሰርግ ቤት እስኪነጋ የሚዘልቀው ጭፈራ በአምስት ደቂቃ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ጨፋሪ በራሱ ስሜት ይወርደው የነበረው እስክስታ በሰልፍና በአንድ ዐይነት ልብስ ይሆናል፤ አንድ ክፍለ ሀገር በአንድ ጭፈራ ይወከላል። ግጥሙ አስቀድሞ ታይቶና ታርሞ የሚቀርብ ስለሆነ «ተቀበል!» የሚል አድማጭ ቦታ የለውም። በዚህም ምክንያት የአዝማሪው ዋና ሙያ፣ ማለት በቅጽበት ገጥሞ መመለስ፣ በመድረኩ ላይ ሥራ ፈት ሆነ። ሥራ የፈታ ሙያ ደግሞ አይወረስም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አንዳንዱ ቡድን ተበተነ፤ አንዳንዱ ስሙንና የበላይ ተጠሪውን ለውጦ በክልል የባህል ቢሮ ሥር ገባ። እንደ ባሕር ዳሩ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ እንደ አዲስ አበባው የኦሮሞ ባህል ማዕከል ያሉ ሕንፃዎችም ተሠሩ። በ1990 ዓ.ም. የባህል ፖሊሲ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮጵያ በዩኔስኮ አማካይነት የወጣውን የ2003 የማይዳሰሱ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት ተቀበለች። ይህ ስምምነት ቅርስን መጠበቅ ማለት መመዝገብና ማስተዋወቅ ብቻ ሳይሆን በመደበኛም ሆነ ከመደበኛ ውጭ በሆነ ትምህርት ማስተላለፍም ጭምር መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ መስቀል በ2013፣ ፊቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሩ ሹዋል ዒድ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። ምዝገባው ያኮራል፤ ሆኖም የሚመዘገበው በዓሉ ሲሆን በዓሉን የሚያቆመው ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራል። የሲዳማው ፊቼ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዘመን መለወጫው ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲያስታውቁ ነው። ጭፈራውን በማናቸውም አደባባይ ማሳየት ይቻላል፤ ሰማዩን የሚያነብ ወጣት ግን በልምምድ አዳራሽ አይገኝም። ሌሊት ከሽማግሌው ጎን ቆሞ ቀና ብሎ ማየት አለበት።

የበገናው ታሪክ ነገሩን በቅርብ ያስረዳል። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ ያ የሚያንዘረዝር ድምፁም የሚገኘው እንዚራ ከሚባሉት፣ በየአውታሩ ሥር ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። እንዚራው በትክክል እስኪቀመጥ ድረስ ትዕግሥተኛ ጆሮ ይጠይቃል፤ ይህን የሚያሳየውም ሰው እንጂ ሥዕል አይደለም። በዘመናችን የበገና አባት ለመባል የበቁት ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው መሣሪያውን የተዋወቁት የበገናው ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በእንጦጦ ጎረቤታቸው ሆነው በመምጣታቸውና በሚማሩበት ትምህርት ቤት ማስተማር በመጀመራቸው ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ሊቅ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት። እ.ኤ.አ. በ1972 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ሲጀመር ዓለሙ አጋ መምህር ሆነው ለ7 ዓመታት ያህል አስተማሩ። በደርግ ዘመን ግን መንፈሳዊ ዜማ ከአደባባይ እየራቀ ሄደ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1980 ማስተማሩን ትተው ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። ታዲያ በገና ያልጠፋው ለምንድን ነው? ተቋሙ ቢዘጋም የተማሩት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ፣ በዐቢይ ጾም በየቤታቸው ስለደረደሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የማታ ትምህርት ሲከፈት የሚያስተምር ተገኘ። በመካከሉ የነበረው ዘመን ጥቂት ቢረዝምና እነዚያ ጥቂት ሰዎች ቢያልፉ ኖሮ፣ መሣሪያው በቤተ መዘክር መስኮት ውስጥ በሙሉ አካሉ ተቀምጦ ድምፁ ግን አብሮ በተቀበረ ነበር።

የሌሎች ሀገሮችን ልምድ መጥቀስ የሚጠቅመው እነርሱም ወደዚሁ ድምዳሜ ዘግይተው መድረሳቸውን ለማሳየት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የቅርስ ሕግ መሠረት ከ1955 ጀምሮ ታላላቅ ባለሙያዎችን በየስማቸው ስትሰይም ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ዓመታዊ ድጎማ ዋና ዓላማ ሙያቸውን እንዲያሻሽሉና ተተኪ እንዲያፈሩ ነው፤ ድጎማው ሁለት ሚሊዮን የን ነው። ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ የተሰየመው ባለሙያም እንዲያስተምር ግዴታ ተጣለበት። በአሜሪካ ደግሞ ቤስ ሎማክስ ሆውስ የምትባል የፎክሎር ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የፌዴራሉን የኪነ ጥበባት ድጎማ ድርጅት የሀገረሰብ ጥበባት ክፍል ስትመራ፣ ገንዘቡ ዋና ከተማ ላይ ተቀምጦ ትርዒት እንዲገዛ ከማድረግ ይልቅ በየክፍለ ግዛቱ አንድ አንድ የፎክሎር ባለሙያ እንዲቀመጥ አደረገች። የዚያ ባለሙያ ሥራ መንደር ለመንደር ዞሮ አዋቂዎቹን ማግኘት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው አሠራር እጅግ ቀላል ነው፦ አንድ አዋቂና አንድ ተማሪ አብረው ያመለክታሉ፤ ለጥቂት ወራት አብረው የሚቀመጡበት አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ በመጨረሻ የተማረውን ያሳያሉ። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።

በዚያው ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ለሀገረሰብ ጥበብ ሊቃውንት ብሔራዊ ሽልማት ይሰጣል። በ2008 ከተሸለሙት አንዱ በዋሽንግተን አቅራቢያ በቨርጂኒያ የሚኖሩት ኢትዮጵያዊው ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም ነበሩ። በአኩፋዳ ቁራሽ የቆመ የትምህርት ሥርዓት ያፈራው የዜማ ሊቅ በሩቅ ሀገር «ከእርሱ ሊማሩለት የሚገባ ሰው» ተብሎ በስሙ ታወቀ። በሀገር ቤት ያሉት የሙያ ጓደኞቻቸው ስም በየትኛው የባህል ጽሕፈት ቤት መዝገብ እንደሚገኝ መጠየቅ ነቀፋ አይደለም፤ የሥራ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የክልልና የዞን የባህል ድርጅት ምን ሊያደርግ ይችላል? በዚህ ረገድ የሚነሡ ሦስት አራት ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ክብደት አላቸው።

አንደኛው ገንዘብ የለም የሚለው ነው። ይህ ብዙ የሚያስኬድ ክርክር አይደለም። ለአንድ ትርዒት የሚወጣው የመጓጓዣ፣ የውሎ አበልና የድምፅ ማጉያ ኪራይ አንድ አዋቂና አንድ ተማሪን ስንት ወር እንደሚያቆይ ማንኛውም የሒሳብ ሹም አስልቶ ሊናገር ይችላል። ችግሩ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የሚወጣበት ርእስ ነው። ለትርዒት ደረሰኝ ይገኛል፤ ሽማግሌው በጎጆው ደጃፍ ላስተማረበት ቀን ግን ደረሰኝ የሚሰጥ የለም፤ ስለዚህም የሒሳብ ሹሙ ይፈራል። ከሁሉ በፊት መሰበር ያለበት ይህ የቢሮክራሲ አጥር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዋቂው የምስክር ወረቀት ስለሌለው በትምህርት ቤት ገብቶ ሊያስተምር አይችልም የሚለው ነው። አለቃ ተሰማ ገብተው አስተምረው ነበር፤ ዓለሙ አጋ የተገኙትም ከዚያ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የክራር አዋቂው፣ ሌላ ሰዓት ሸክላ የምትሠራዋ እናት ወደ ክፍል ቢገቡ፣ መደበኛው መምህር ደግሞ አብሮ ቢቀመጥ የትምህርቱ ሥርዓት አይናድም። በዚያ ሰዓት ሸክላ ሠሪዋ «መምህርት» ተብላ መጠራቷ ብቻውን፣ ስለ ሙያ መናናቅ ከሚሰጠው ብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው የሚመጣ ነው፤ ይህም በትክክል ሊሰማ ይገባዋል። ትምህርት ቤት የገባ ጥበብ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል ይላሉ። ዛሬ ቅኝት ሲባል ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብሎ በአራት ተከፍሎ ይሰጣል፤ ለማስተማር ይመቻል። ነገር ግን በየአካባቢው ያለው አደማመጥና አቃኘት ከአራት ሣጥን ይተርፋል። ተማሪው አራቱን አጥንቶ ሲጨርስ ያልተጠቀሰውን ሁሉ ስሕተት አድርጎ ያየዋል፤ ከአያቱ የሰማውንም ያርማል። ለዚህ መድኃኒቱ ትምህርቱን መተው ሳይሆን ትምህርቱን በየቦታው ማድረግ ነው። የራያው ልጅ ከራያ አዋቂ፣ የዳሞቱ ከዳሞት፣ የጋሞው ሸማኔ ከጋሞው ሸማኔ ይማር። የማዕከላዊው ተቋም ሥራ ማቅናት ሳይሆን ማገናኘት ቢሆን ይመረጣል። የአካባቢ ድርጅት አስፈላጊነቱ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን በጆሮው ለይቶ የሚያውቀው በቅርብ ያለው ነውና።

በየመካከሉ የሚረሳ አንድ ሰው አለ፤ መሣሪያ ሠሪው ነው። የክራር አውታር ከአንጀት ወደ ናይለን ከተሻገረ ቆየ፤ ድምፁም አብሮ ተሻገረ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥበብ ይለወጣል። አንጀቱን ማላጥና ማክረር የሚያውቅ የመጨረሻው ሰው ሳይታወቅ ሲሞት ግን ምርጫው አብሮ ይሞታል። ለተጫዋች ተማሪ የሚመደብ ድርጅት ለሠሪውም ተማሪ ይመድብ።

ቀረጻንም በሚመለከት አንድ ነገር ማከል ይገባል። በልዩ ልዩ ጊዜ ከገጠር የተቀረጸ ድምፅ በከተማ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል። ቅጂው ወደተቀረጸበት ወረዳ ቢመለስ፣ የልጅ ልጁ የአያቱን ድምፅ ሰምቶ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ቀረጻ መምህር አይሆንም፤ መምህር ለጠፋበት ቦታ ግን መነሻ ይሆናል።

የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ በየክልሉ በሥራ ላይ ያሉ ስለሆኑ ከነገ ጀምሮ ሊደረግ በሚችል ትንሽ ነገር ላይ መነጋገሩ ይበጃል። በባህል መሥሪያ ቤት የሚሞላው የሩብ ዓመት ሪፖርት «የቀረበ ትርዒት ብዛት»ና «የተመልካች ብዛት» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ከእነዚህ ጎን አራት ዓምዶች ይጨመሩ፦ የአስተማሪው ስም፣ የተማሪው ስም፣ የተገናኙበት ቦታ፣ ተማሪው ያለ መምህሩ ብቻውን ሊሠራ የቻለው ነገር። በመጀመሪያው ዓመት ብዙው ወረዳ ባዶ መልሶ ይልክ ይሆናል። ባዶው ወረቀትም ቢሆን ይላክ፤ የማኅበሩ የጥናት ክፍልም ከየትኛው ወረዳ እንደመጣና የትኛው ሙያ መምህር እያለው ተማሪ እንዳጣ በካርታ ላይ ያስፍር። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው ይኸው ካርታ ይሁን።